ከአሮጌው ወይራ ሥር ቡቃያ ለምን ጠፋ?

ለሥራ ወደ አጥቢያዎች ስንወጣ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ውስጥ በብዛት ከምናያቸው ዛፎች መካከል ጥድና ወይራ ይገኙበታል። ብዙ ጊዜ ግን የምናገኘው ያረጀውን ወይራ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚተካው ቡቃያ የለም። አሮጌው በወደቀ ጊዜ ቦታውን የሚይዘው ባሕር ዛፍ ነው፤ አለዚያም ባዶ መሬት። ስለዚህ የወይራን አተካከል ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶች በአጭሩ ለማስረዳት ወደድን።

ወይራ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይራገፍ፣ እንጨቱ ጠንካራና ከባድ የሆነ ዛፍ ነው። ጢሱ መዓዛማ በመሆኑ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ይታጠንበታል፤ ቀጭኑ ቅርንጫፍ መፋቂያ ይሆናል። ይኸው ጥቅሙ ጠላት ሆኖበታል። ለዝክር ጠላ ተብሎ ለጋው ዛፍ ከግንዱ ሲቆረጥ እናያለን፤ ጋን ለማጠን ግን ጥቂት የደረቀ ስንጣሪ ይበቃል።

«ይህ የዘይቱ ዛፍ አይደለምን?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 11፣ የዱሩን ወይራ ከመልካሙ ወይራ ለይቶ ይናገራል። የእኛም ወይራ የዘይቱ ወይራ የዱር ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ለዘይት አይመችም።

ፍሬውን የሚበትኑት ወፎች ናቸው። ቡቃያውም ብዙ ጊዜ የሚተርፈው በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ነው። እኛ ደግሞ ለዓመታዊው ክብረ በዓል ቅጽሩን ስናጸዳ ቁጥቋጦውን ሁሉ መንጥረን እንጥላለን፤ በዚህ ራሳችንም ከበደሉ ነጻ አይደለንም። የቀረውን ከብት ይጨርሰዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ ከብት እንዳይገባ መከልከል ለችግኞች መትረፍ እጅግ እንደሚረዳ አሳይቷል። ድንጋይ በሚገኝበት አጥቢያ የካብ አጥር ከሁሉ ይመረጣል።

ችግኝ ማፍላት ለሚፈልጉ አጥቢያዎች፦ ፍሬው ሲጠቁር ከዛፉ ላይ ይለቀም። ሥጋው በውኃ ታሽቶ ይወገድና ፍሬው በጥላ ይድረቅ። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ለመብቀል ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ውስጡ ሳይደቅቅ ቅርፊቱን በድንጋይ ቀስ ብሎ ሰንጠቅ ማድረግ፣ ከዚያም 48 ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ዘር ቶሎ ስለሚበላሽ ሳይቆይ ይዘራ። ሁሉም በአንድ ቀን አይበቅልምና መደቡን ቶሎ አትገልብጡ።

ችግኙ ሲጠነክር በክረምቱ መግቢያ ይተከል፤ ቁጥቋጦ ካለ ከጎኑ ይሁን። ወይራ አዝጋሚ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ጋር የሚያወዳድር ኮሚቴ ማዘኑ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ግን ውኃ ይፈልጋል። ይህን ለቅጽሩ ጠባቂ ብቻ ከመተው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሳምንት ተራ ቢይዙት ይሻላል።