ስለ አዲስ የዓሣ ገንዳና ስለ ደፈረሰ ውኃ

በጅግጅጋ በምንኖርበት ቤት፥ ለሕፃናቱ መማሪያና ደስታ ይሆናል ብለን 60 ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ከ7 ትንንሽ ዓሦች ጋራ ከአዲስ አበባ አስመጥተን ነበር። ገንዳውን በእንግዳ መቀበያው ክፍል አኑረን፥ ከበታቹ ጠጠር አንጥፈን፥ ውኃውን ሞልተን ዓሦቹን በዚያው ቀን ለቀቅናቸው። ለሁለት ቀን ያህል ለሚያየው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነበረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን ውኃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ፤ በማግስቱም ዓሦቹ እስከማይታዩ ድረስ ነጣ። እኛም ነገሩ የንጽሕና ጉድለት መስሎን ውኃውን በሙሉ ደፋን፤ ጠጠሩንና የማጥሪያውን ስፖንጅ በበረኪና አጥበን እንደ ገና ሞላን። ከአራት ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው ደፈረሰ። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው እጥበት ማግስት ከ7ቱ ዓሦች 5ቱ ሞተው ተገኙ። ትንሿ ልጃችን ዓሦቹ የሞቱት ውኃው ስለ ቈሸሸ ነው ወይስ ስላጠብነው ብላ ጠየቀችን፤ በዚያን ጊዜ የምንመልስላት ቃል አልነበረንም። አሁን ግን መልሱ እጥበቱ እንደ ሆነ ዐውቀናልና፥ እንደ እኛ የሚሳሳት እንዳይኖር የተረዳነውን እንጽፋለን።

ስሕተታችንን አስቀድመው ያመለከቱን መጻሕፍት አይደሉም፤ ኤዶ እያልን የምንጠራቸው፥ በሐርሺን በኩል ያደጉ አንዲት ጐረቤታችን ናቸው። ሦስተኛውን ውኃ ወደ ደጅ ስናፈስ አይተው እጅግ አዘኑ። ማዘናቸውም የሚገባ ነው፤ በሦስቱ እጥበት ያፈሰስነው 180 ሊትር፥ ማለት 9 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነበርና። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ፥ በሐርሺንና በአካባቢው፥ ሰውም ከብትም የሚጠጣው አብዛኛው ውኃ ከቢርካ የሚቀዳ ነው። ቢርካ ማለት በምድር ውስጥ ተቈፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ ገንዳ ሲሆን፥ በጉና በካረን ዝናብ ጊዜ በሜዳው ላይ የሚወርደውን ጎርፍ ያጠራቅማል። ከ1980 እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ የስደተኞች ሠፈር በነበረበት በሐርትሼክማ ውኃው በመኪና እየተጫነ ይመጣ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ያደጉት ጐረቤታችን፥ ቢርካ ደፈረሰ ተብሎ እንደማይደፋ፥ ጎርፉ በገባ ሰሞን ሳያናውጡ ትተውት በኋላ ከላይ ከላይ እንደሚቀዱለት ነገሩን። በእርሳቸው ንግግር ምክንያት ነው እኛም የውኃ መደፍረስ ስንት ዓይነት እንደ ሆነ መጠየቅ የጀመርነው።

የዓሣ ገንዳ ውኃ ከሚደፈርስባቸው ምክንያቶች በዋናነት አራቱን መለየት ይገባል። ለመለየትም ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ሌሊቱን ሳይነኩ ማሳደር ይበቃል። ጠዋት ከብርጭቆው ሥር አፈር ተኝቶ ላዩ ከጠራ፥ የመጣው ከጭቃ ወይም በደንብ ካልታጠበ ጠጠር ነው። አረንጓዴ ሆኖ ከቈየ በፀሐይ የተነሣ የበቀለ ረቂቅ ሽበት ነውና ገንዳውን ከመስኮት ማራቅ ይገባል። ነጭ ሆኖ ሳለ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ሲጠብበት ከጠራ፥ ከውኃው የወጣ ኖራ ነው። እንደ ወተት ነጥቶ ሳይዘቅጥም በሎሚም ሳይጠራ ከቀረ ግን፥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ፍጥረታት የበዙበት ነው። የእኛ ይህ የመጨረሻው ነበረ።

ስለ ጭቃው አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ፤ በእነዚህ አውራጃዎች ብዙ ሰው የቢርካ ወይም የጎርፍ ውኃ ይጠቀማልና። ደቃቁ የሸክላ አፈር እርስ በርሱ የሚገፋፋ የኤሌክትሪክ ኀይል ስላለው ለብዙ ቀን ሳይዘቅጥ ይንሳፈፋል። የተፈጨ የሽፈራው ፍሬ በውስጡ ባለው ፕሮቲን ምክንያት ይህን አፈር አጣብቆ ያዘቅጠዋል፤ ለመጠጥ ውኃ የታወቀ ብልኀት ነው። ነገር ግን ፍሬው ራሱ በውኃው ውስጥ የምግብ ቅሪት ስለሚተው፥ በዓሣ ገንዳ ውስጥ ቢጨመር ጭቃውን አስወግዶ የወተቱን መልክ ያመጣል። ስለዚህ ውኃውን አስቀድሞ በእንስራ ወይም በበርሜል አዘቅጦ፥ ላዩን ብቻ ቀድቶ ወደ ገንዳው ማፍሰስ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞንያ የሚባል መርዝ ወደ ውኃው ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ያፈራል። በወንዝና በሐይቅ ይህ መርዝ የማይከማችበት አንዱ ምክንያት፥ አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞንያውን ወደ ናይትራይት፥ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ስለሚለውጡት ነው። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም አጥቍሮ አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል። ናይትሬት ግን ካልበዛ በቀር ብዙ አይጐዳም። ይህን የተረዱ ሰዎች ታሪክ ደስ ያሰኛል። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. ሽሌሲንግና ሙንትዝ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት የፍሳሽ ውኃን በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርገው አሞንያው ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አዩ፤ ክሎሮፎርም በጨመሩበት ጊዜ ለውጡ ስለ ቆመ፥ ሥራው የሕያዋን ፍጥረታት እንደ ሆነ ዐወቁ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቪኖግራድስኪ የሚባል የሩሲያ ሊቅ ፍጥረታቱን ለይቶ አወጣቸው። መጻሕፍት ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው እያሉ ብዙ ዘመን ቈዩ፤ በ1998 ዓ.ም. ግን በዓሣ ገንዳዎች ውስጥ ይህን የሚፈጽመው ናይትሮስፒራ የሚባለው እንደ ሆነ ተገለጠ።

እነዚህ ጠቃሚዎቹ በውኃው ውስጥ ብዙም አይንሳፈፉም፤ በጠጠሩና በማጥሪያው ስፖንጅ ላይ ተለጥፈው ቀስ ብለው ይራባሉ። ለመደላደልም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ውኃውን የሚያነጡት ሌሎች ናቸው፤ እነርሱ የምግብ ፍርፋሪ ባገኙ ጊዜ በሰዓቶች ውስጥ ይበዛሉ፥ ምግቡም ሲያልቅ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሳቸው ይቀንሳሉ። እንግዲህ እኛ ያደረግነውን ተመልከቱ፤ በራሱ የሚያልፈውን ነጭ ውኃ ለማስወገድ ብለን፥ መርዙን የሚያጠፉትን በበረኪና ከነማደሪያቸው ገደልናቸው። በየጊዜው የሠራነው ገንዳውን እንደ ገና አዲስ ማድረግ ነበር፤ ዓሦቹም በማይታየው አሞንያ ሞቱ።

አዲስ ገንዳ የሚያቋቁም ሰው እንግዲህ ዓሣውን ከመግዛቱ በፊት ገንዳውን ያዘጋጅ። ከቧንቧ የመጣ ውኃ ክሎሪን ካለበት ክዳን በሌለው ዕቃ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማሳደር ነው፤ እንደ ውኃ አጋር ያሉት የመጠጥ ውኃ መድኃኒቶችም ለሰው ጤና የሚበጁ ሲሆኑ ክሎሪን ስላለባቸው ለዓሣ አይሆኑም። ከዚያ ማጥሪያውን አስነሥቶ፥ በየሁለት ቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ አሞንያ እንዲፈጠር ማድረግ፥ በመለኪያ ወረቀትም መመርመር ነው። አሞንያው በመጀመሪያ ይወጣል፥ ቀጥሎ ይወርዳል፤ ናይትራይቱም እንዲሁ። ሁለቱም ምንም ሆነው ናይትሬቱ ብቻ ሲታይ ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ ማስገባት ይቻላል። ጊዜውን ለማሳጠር ከሁሉ የሚበልጠው፥ ጤናማ የቈየ ገንዳ ካለው ወዳጅ ያገለገለ ስፖንጅ ቈርጦ መለመን ነው። በመካከሉ ውኃው ቢነጣ ምግቡን መቀነስ፥ አየር ማብዛት፥ እጅንም መሰብሰብ። ዓሣው ቀድሞ ገብቶ እንደ ሆነ ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከውኃው ሩቡን ብቻ በተዘጋጀ ውኃ መለወጥ ያስፈልጋል። ስፖንጁም ሲደፈን የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ነው፤ ሳሙናና በረኪና አይቅረቡት።

በጅግጅጋ ለሚኖር ሰው ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ከጕድጓድ የሚወጣው ውኃ በማንቈርቈሪያችን ውስጥ ነጭ ኖራ የሚጋግር ነው፤ እንዲህ ያለው ውኃ በፒኤች መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ7 በላይ ይሆናል። መለኪያው 8 በሚሆንበት ውኃ የመርዛማው አሞንያ ድርሻ 7 ከሚሆንበት ይልቅ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፥ በሌላ ከተማ ዓሣ የማይገድል ስንፍና እዚህ ሊገድል ይችላል። በአንጻሩ ኖራው ለጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ይስማማቸዋል፤ ጋፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣም በእንዲህ ያለ ውኃ ይመቸዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ሥራው ሁሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ 6ቱን ሳምንት 8 ማድረግ አይከፋም። መብራት ለብዙ ሰዓት ሲቋረጥ በማጥሪያው ውስጥ ያሉት አየር አጥተው ይታፈናሉ፤ ስፖንጁን ከተዘጋው ማጥሪያ አውጥቶ በገንዳው ውስጥ ማንሳፈፍ፥ በዚያም ቀን ዓሦቹን አለመመገብ ይረዳል።

ውኃ በሚገዛበት አገር ለዓሣ ውኃ ማጥፋት ተገቢ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ እኛም ራሳችንን ጠይቀናል። የተደላደለ ባለ 60 ሊትር ገንዳ በሳምንት ከ15 ሊትር የበለጠ ለውጥ አያስፈልገውም፤ ይህም አንድ ጀሪካን አይሞላም። ተቀድቶ የሚወጣውም ናይትሬት ስላለበት ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። የጐረቤታችን የሎሚ ተክል ካለፈው ክረምት ወዲህ የሚጠጣው ይህንኑ ነው። ኤዶ ዓርብ ዓርብ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ትንሿ ልጃችን ከተረፉት 2 ዓሦች የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ታሳያቸዋለች፥ እርሳቸውም ውኃው እንዳይናወጥ ቀስ ብላ እንድትቀዳ ይነግሯታል።