መረጃው ተለጠፈ፤ ማን ያንብበው?

ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ለጋሽ አገሮች ለፌዴራል መንግሥት በጀት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አቋረጡ። በ1998 ዓ.ም. በምትኩ የመጣው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ገንዘቡን ወደ ወረዳ ሲያወርድ፣ ከገንዘቡ ጋር አንድ አዲስ ልማድም ይዞ ወረደ፤ ወረዳው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃ፣ ለግብርናና ለመንገድ የተመደበለትን ብር ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፍ። ሰንጠረዡ ተራ ሰው እንዲረዳው ተደርጎ ይዘጋጅ ነበር፤ ነዋሪውም በጀት ማንበብ እንዲችል ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ሥራው ሊናቅ አይገባውም። በጀት የሹማምንት ምሥጢር ሆኖ በኖረበት አገር፣ አንድ ገበሬ ቆሞ የወረዳውን ወጪ ማንበብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዕድሜው አጭር ነው። ዝናብና ፀሐይ ቢተዉት እንኳ የዘንድሮው ሲለጠፍ የአምናው ይነሣል። የጤና ጣቢያው በጀት ካቻምና ከነበረው ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ ማመሳከር የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ? መረጃ ክፍት ሆነ የሚባለው የሚቀመጥበት ቤትና የሚያስረዳ ሰው ሲያገኝ ነው እላለሁ። ያ ቤት ደግሞ አዲስ የሚሠራ ሳይሆን ያለ ነው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት።

ሕጉ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነትን ይሰጣል። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሳይጠየቁ ማውጣት ያለባቸውን መረጃ ይደነግጋል፣ ለጥያቄም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያዛል፣ አፈጻጸሙን እንዲከታተልም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን ይሾማል። ቢሮ ደጅ ላይ ያለው እውነታ ግን ሌላ ነው። «ደብዳቤ ይዘህ ና» እና «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉትን ሁለት መልሶች የማያውቅ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው መብት የሚጠቅመው ጊዜና ዘመድ ያለውን ሰው ነው። ድረ ገጽ ላይ መረጃ የሚጭኑ መሥሪያ ቤቶችም ብዙውን ጊዜ የሚጭኑት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስካን አድርገው ነው፤ ቁጥሩ ይታያል እንጂ አይደመርም፣ አይፈለግም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 በካሊፎርኒያዋ ሴባስቶፖል ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰብስበው የክፍት መንግሥታዊ መረጃን 8 መርሆች ሲያረቁ፣ መረጃው የተሟላ፣ በወቅቱ የወጣ፣ ለማንም ያለ አድልዎ የሚሰጥና ኮምፒውተር ሊያሰላው የሚችል ይሁን ብለው ነበር። በዚህ መለኪያ የስካን ምስል ገና ክፍት አይደለም።

መለኪያውን ያረቁት ሰዎች አገር ቤተ መጻሕፍቱን ከመንግሥት ሰነድ ጋር ያቆራኘው ግን ከኢንተርኔት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1813 የምክር ቤቱ ሰነዶች ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለታሪክ ማኅበራትና ለክፍለ ግዛት ቤተ መጻሕፍት እንዲላኩ ወሰነ። ዛሬ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ የመንግሥትን ኅትመት ተቀብለው ለማንም ጠያቂ በነፃ ማሳየት ግዴታቸው ነው። የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊም በዚያው አገር ብቻ 1,679 የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎችን ሲያሠራ ከተማው ቦታውን እንዲሰጥ፣ በየዓመቱም የሕንፃውን ወጪ 10 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ እንዲመድብ ያስገድድ ነበር። ይህን ውል እወደዋለሁ፤ ሕንፃው ያለ ባለሙያና ያለ ዓመታዊ በጀት ባዶ እንደሚቀር የገባው ሰው የጻፈው ነውና። ካርኔጊ ሀብቱን ባፈራባት በፒትስበርግ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የከተማው፣ የአውራጃውና የዩኒቨርሲቲው መረጃ በአንድ ክልላዊ የመረጃ ማዕከል በኩል ይወጣል። ማዕከሉ ከካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆኖ መረጃ ማንበብ ለማያውቁ ነዋሪዎች ያዘጋጀው ትምህርት ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። በቴነሲዋ ቻታኑጋ ደግሞ የከተማውን ክፍት መረጃ ያስተናገደው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ራሱ ነበር። ከእነዚህ ከተሞች መዋስ ያለብን ቴክኖሎጂውን አይደለም፤ ጠያቂውን በትዕግሥት የሚያስተናግድ ሰው መመደብን ነው።

«መጽሐፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ስለ መረጃ ምን ያወራል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የደረሰበት ደረጃና አንድ የወረዳ የወጣት ማዕከል ያለው የንባብ ክፍል አይወዳደሩም፤ በብዙዎቹም የሚቀመጠው ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ነው። ግን የወረዳው በጀት፣ የትምህርት ቤቶቹ የተማሪ ቁጥር፣ የውኃ ነጥቦቹ ዝርዝር በአንድ ወፍራም አቃፊ ይገባሉ፤ ከማንኛውም መጽሐፍ ርካሽ ናቸው። ተማሪውም ቢሆን የሒሳብ ልምምዱን በገዛ ወረዳው ቁጥር ቢሠራ የሚጎዳው ነገር የለም።

«ቁጥሩ ራሱ ያጣላል» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። እስካሁን የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች 3 ናቸው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይደረግ ቢልም አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ የወረዳችን ሕዝብ እየተባለ የሚጠራው ቁጥር ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተፈናቀለውን፣ ወደ ከተማ የፈለሰውን፣ ተመልሶ የሰፈረውን በትክክል ሊያሳይ አይችልም። ሕዝብ በበዛበት ድጎማ ስለሚበዛ ጠቡም የማይቀር ነው። ቁጥሩን መደበቅ ግን ጠቡን አያበርደውም፤ መሠረቱን ወሬ ያደርገዋል እንጂ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከቁጥሩ አጠገብ ማን ቆጠረው፣ መቼ፣ በምን ዘዴ የሚለው ሊጻፍ ይችላል፤ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ይህን በየሪፖርቱ መግቢያ ያስቀምጠዋል፣ ነዋሪው ዘንድ የሚደርሰው ግን ባዶው አኃዝ ነው። የግለሰብ ገመናም ጥበቃ አለው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ የተሠራ ነው። የጤና ጣቢያውን የታካሚ ቁጥር ማሳየትና የታካሚውን ካርድ መግለጥ ለየቅል ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የባለሙያው ነፃነት ነው። ደመወዙን ከወረዳው የሚቀበል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ወረዳውን የሚያሳጣ ሰነድ ከመደርደሪያ አንሣ ቢባል እምቢ ይላል ብሎ መጠበቅ ሰውየውን ብቻውን ማጋፈጥ ነው። መድኃኒቱ ቅጂውን ማብዛት ነው። አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በዞኑ ወይም በክልሉ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በ1936 ዓ.ም. በተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ ከተቀመጠ፣ አንዱ ጋ የጠፋው ሌላው ጋ ይገኛል፤ የተለወጠ ቁጥርም ሲመሳከር ይጋለጣል። የወመዘክር አዋጅ ቁጥር 179/1991 አገር ውስጥ የሚታተም ሥራ ቅጂ ለተቋሙ ገቢ እንዲሆን አስቀድሞ ደንግጓል። የጎደለው የወረዳ በጀት ሰንጠረዥ እንደ ኅትመት ተቆጥሮ በዚያ ግዴታ ሥር መግባቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ምክር ቤት በጀቱን ባጸደቀ ማግስት ሦስት ቅጂ ለመላክ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ ለጋሽ መጠበቅ አያስፈልግም።