«እሺ» በካንቶንኛ ስንት ዓይነት ነው?

ጓንግዡ ዕቃ ልታመጡ ሄዳችኋል እንበል። ካርቶኑ ከብዷችሁ ደረጃ ላይ ቆማችሁ አንዱን «አግዘኝ» አላችሁት። «ዳክ!» ብሎ አነሳላችሁ። ምን ማለቱ ነው? «ይቻላል፣ እሺ» ነው ያላችሁ።

ቋንቋው ካንቶንኛ ነው። በሆንግ ኮንግ፣ በማካውና በጓንግዡ አካባቢ ይነገራል። ማንዳሪን ብቻ የሚችል ሰው ሲነገር ሰምቶ አይገባውም። እዚያ ሰው ሊረዳችሁ ሲስማማ በብዛት የምትሰሟቸው እነዚህን ነው፦

🔹 «ሞው ማንታይ»፦ ችግር የለም። «ሞው» ማለት «የለም» ነው። አጻጻፉ ደስ ይላል፦ «አለ» የሚለውን የቻይና ፊደል ወስደው ውስጡ ያሉትን ሁለት ትንንሽ መስመሮች አወጡለት፣ «የለም» ሆነ።

🔹 «ሳፕ ሳፕ ሶይ»፦ ይቺማ ምን አላት! የጓደኛ ቋንቋ ነው፣ ለአለቃ አይሆንም።

🔹 «ዋ ጋም ዪ»፦ እንደ ማውራት ቀላል ነው።

🔹 «ባው ሃይ ንጎ ሳንሶንግ»፦ ለኔ ተወው። ቃል በቃል ሲፈታ «በገላዬ ላይ ነው» እንደማለት ነው። ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው፤ ያለ ሰው ኃላፊነቱን ወስዷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ዳክ» ብቻውን ጥሩ ነው። ፊቱን አጨፍግጎ «ዳክ ላ፣ ዳክ ላ» ብሎ ከደጋገመው ግን «እሺ በቃ፣ ገባኝ፣ አትጨቅጭቀኝ» ሊሆን ይችላል። እኛስ ጋ «እሺ፣ እሺ» ብሎ የሚሸኝ ስንት አለ? ቃሉን ብቻ ሳይሆን አባባሉን ስሙ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ስትጠይቁም ሲረዷችሁም «ምጎይ» በሉ፤ «እባክህ»ም «አመሰግናለሁ»ም ነው። ስጦታ ከሰጧችሁ ግን «ዶጄ» ነው የሚባለው። ሁለቱን መቀላቀል የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው። መልሳቸው «ምሳይ ሃክሄይ» ከሆነ «ምንም አይደል» ብለዋችኋል።

ማሳሰቢያ፦ ካንቶንኛ 6 የድምፅ ቃና አለው፤ ቃናው ሲቀየር ትርጉሙም ይቀየራል። በኛ ፊደል የጻፍነው ለመነሻ ያህል ነው። ከመናገራችሁ በፊት ቪዲዮ ከፍታችሁ ከተናጋሪው አፍ ስሙት።

ለጉዞ ለሚዘጋጅ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። «ሞው ማንታይ» በሉን 😄