ወረታ የገባው ብርሃን ጎንደር እስኪደርስ

«ኳንተም ኮምፒውተር መጣ፤ የኔትወርክ ችግራችን ሊያበቃ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የሕግ ሰው በፊዚክስ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ከማስረጃ ምዘና ብዙም የራቀ አይደለም።

ከወረታ ጎንደር በመንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት አንድ የመስታወት ክር ተዘረጋ እንበል። ጥሩ የሚባለው ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ያህል ብርሃን ያባክናል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ወረታ ላይ ከገቡት 1000 የብርሃን ቅንጣቶች ጎንደር የሚደርሱት 4 ገደማ ናቸው። ስለዚህ በየ80 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ማጉያ ይተከላል። ማጉያው ደግሞ ምልክቱን ሲያጎላ የራሱን ጫጫታ ይጨምርበታል።

ሌላም ጣጣ አለ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ በፎገራ ሜዳ የአንዱ የሩዝ ማሳ ውሃ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል። የብርሃን ምቶችም በጉዞ ላይ እየሰፉ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ድንበሩ የጠፋ መሬት ላይ የሚፈርድ ዳኛ አንዱን ማሳ ብቻ አይቶ አይወስንም፤ ዙሪያውን አብሮ ያያል። ተቀባዩ መሣሪያም እንዲሁ ነው። እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 የሆኑ 20 ተከታታይ ምቶችን በአንድነት ልመርምር ቢል ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አማራጭ ይገጥመዋል።

ኳንተም ኮምፒውተር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳየው ስልት፣ ከሚሊዮኑ ትክክለኛውን ለማግኘት ሺህ ገደማ እርምጃ ይበቃል። ለነገሩ ተራው ኮምፒውተርም ሁሉንም አይቆጥርም፤ አንድሪው ቪተርቢ በ1967 ያወጣው ዘዴ የማያዋጡትን አማራጮች በየደረጃው እየጣለ ይሄዳል። ይህን አድናቂዎቹ አያነሱትም። በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ቢሊዮኖች ምቶች ያልፋሉ፤ ዛሬ ያሉት የኳንተም ማሽኖች ስህተት ያበዛሉ፣ ፍጥነታቸውም ለዚህ አይበቃም። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ለባለጉዳዩ ምን ይረባዋል?

ክሩ በቁፋሮ ወይም በጎርፍ ከተበጠሰማ የሚመዘን ማስረጃም የለም። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ለመጠበቅ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 464 ወጥቷል፤ ጎርፍ ግን አይከሰስም። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን የማውለው አንዱ ሲበጠስ ሌላው እንዲተካው በሁለቱም በኩል በሚዘረጋ መስመር ላይ ነው። የኳንተሙን ጥናት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይያዙት።