ከወርቁ በታች ያለው ፎቅ

ባንኮክ ውስጥ፣ ከሁዋ ላምፖንግ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ የቻይናውያን ሰፈር ደጃፍ ላይ ዋት ትራይሚት የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ጎብኚው በአውቶቡስ እየተጫነ የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ለተቀመጠው የወርቅ ቡድሃ። ቁመቱ 3 ሜትር፣ ክብደቱ 5.5 ቶን። ሰዉ የነጩን እብነ በረድ ሕንፃ ደረጃ ይወጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወርዳል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂቱ ነው። እኔ የምጽፈው ስለዚያ ስለሚታለፈው ፎቅ ነው።

ፎቁ ሙዚየም ነው፤ የያዎዋራት ቻይናታውን ቅርስ ማዕከል ይባላል። ያዎዋራት ሰፈሩን አቋርጦ የሚሄደው ትልቁ ጎዳና ነው፤ ሰፈሩም በጎዳናው ስም ይጠራል። ሙዚየሙ የሚተርከው ከደቡብ ቻይና ጠረፍ ተነስተው ወደ ሲያም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ታይላንድ፣ ስለተሰደዱት ሰዎች ነው፤ በምን መጡ፣ ምን ሠርተው በሉ፣ ልጆቻቸውስ ምን ሆኑ።

የስደተኞች ሙዚየም ቤተ መቅደስ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚል ሰው መልሱ ከቦታው ስም ይጀምራል። "ትራይሚት" ሦስት ወዳጆች ማለት ነው። ቤተ መቅደሱ ይህን ስም ያገኘው ግን በ1939 ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ዋት ሳም ቺን ነበር፤ የሦስቱ ቻይናውያን ደብር እንደማለት። ሦስት ቻይናውያን ባልንጀሮች ተባብረው እንዳሠሩት ሲነገር ኖሯል። በዚያው በ1939 አገሪቱም ሲያም መባሏ ቀርቶ ታይላንድ ተብላለች። ጊዜው የጠቅላይ ሚኒስትር ፊቡን ሶንግክራም የብሔርተኝነት ዘመን ነበር፤ የቻይንኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት፣ ለውጭ አገር ሰው የሚከለከለው ሥራ እየበዛ የሚሄድበት። ቻይናውያኑ ከስሙ ወጡ፤ ወዳጅነታቸው ብቻ ቀረ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ትረካው ያዎዋራት ውስጥ ካደገ ሰው ትዝታ ይነሳል። በሰፈሩ ቤቶች አያት "አኮንግ" ይባላል፤ ቃሉ ቴዎቸው ከሚባለው የደቡብ ቻይና ቋንቋ የመጣ ነው፤ ከታይላንድ ቻይናውያን አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚያ ሕዝብ ነው። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወደ መርከብ ሆድ ይገባል። እኔ ረጅም ጊዜ የቆምኩት እዚህ ነው። እንጨት፣ ገመድ፣ ሸራ፣ ተደራርቦ የተቀመጠ ጭነት፣ በሰው ልክ የተሠሩ ምስሎች። ከጓንግዶንግ ግዛት የሚነሱት መርከቦች አፍንጫቸው ቀይ ይቀባ ስለነበር "ቀይ ራስ" ይባሉ ነበር። በዓመቱ መጨረሻና በአዲሱ ዓመት መባቻ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ሲያም ይገፋቸዋል፤ በክረምት ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ሩዝ፣ ቅመምና እንጨት ጭነው ይመለሳሉ። ነፋሱ ያመለጠው ነጋዴ እስከሚቀጥለው ዓመት መቆየት ነበረበት። ከቻይናውያኑ የባንኮክ ኑሮ ቢያንስ አንዱ ክፍል የተጀመረው በዚህ መጠበቅ ነው።

ታይላንዶች ስለ እነዚህ መንገደኞች ሲያወሩ የሚያነሱት አባባል አለ፤ አንድ ሰሌን፣ አንድ ትራስ። ይዘውት የመጡት ንብረት እሱ ብቻ ነበር ለማለት ነው። ከአገር መውጣቱ ራሱ ወንጀል ነበር፤ የቻይናው የቺንግ መንግሥት ዜጎቹ ወደ ባሕር ማዶ እንዳይሄዱ የከለከለውን ሕግ በይፋ ያነሳው በ1893 ነው። እስከዚያ ድረስ የሄደው ሁሉ በአገሩ ሕግ ኮብላይ ነበር። የገፋቸው ግን ከሕጉ የበረታ ነበር፤ የመሬት ጥበት፣ ረሃብ፣ ጦርነት። ከ1882 ጀምሮ ከደቡብ ቻይናው የስዋታው ወደብ ወደ ባንኮክ በእንፋሎት መርከብ መደበኛ ጉዞ ሲጀመር ሰሌን የተሸከመው ሰው በየሳምንቱ ይራገፍ ጀመር።

ባንኮክ ከመቆርቆሯ በፊትም ግን ቻይናውያን እዚያው ነበሩ። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ስትወድቅ አገሪቱን መልሶ ያሰባሰበው ንጉሥ ታክሲን አባቱ ቴዎቸው ስደተኛ ነበር። ከእሱ በኋላ የነገሠው ቀዳማዊ ራማ በ1782 ዋና ከተማውን ከቻኦ ፕራያ ወንዝ በስተምሥራቅ ሲቆረቁር ቤተ መንግሥቱ እንዲሠራበት የተመረጠው ቦታ የቻይናውያን መንደር ነበር። ተነሡ ተባሉ፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ በደቡብ በኩል፣ ሳምፔንግ ወደሚባል ረግረግ ሄዱ። ዛሬ የሳምፔንግ ገበያ ያለበት ጠባብ መተላለፊያ የሰፈሩ የመጀመሪያ መንገድ ነው። ሙዚየሙ የዚህን ገበያ አንድ ጉራንጉር ሠርቶ አቁሞታል፤ ሻይ ቤት፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ የዕቃ መደብር፣ በትከሻው ላይ ዘንግ አጋድሞ በሁለት ወገን ቅርጫት የተሸከመ ሰው። እኛም አገር ተሸካሚውን "ኩሊ" እንለው ነበር፤ ቃሉ በእስያ ወደቦች ሁሉ የዞረ ነው።

ለምን ቻይናውያን ነጋዴና የቀን ሠራተኛ ሆኑ፣ የአገሬው ሰውስ ለምን አልሆነም? ብዙ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስለ ዘር ጠባይ ነው፤ ቻይናዊ ታታሪ ነው፣ ቆጣቢ ነው የሚል። እውነተኛው ምክንያት ግን በሕግ ውስጥ ነው። የሲያም ገበሬ በጌታ ስም ተመዝግቦ በዓመት ለተወሰኑ ወራት የግዳጅ ሥራ ይሠራ ነበር፤ እንደልቡ ከቦታ ቦታ አይንቀሳቀስም። ቻይናዊው ከዚህ ግዳጅ ነፃ ነበር። በምትኩ በየሦስት ዓመቱ ግብር ይከፍላል፤ የከፈለም ሰው የእጁ አንጓ ላይ ክር ይታሰርለትና በክሩ ቋጠሮ ላይ ማኅተም ይደረግበታል። ማኅተሙ ያለው መንገድ ላይ አይያዝም፤ ወደፈለገበት ሄዶ ቦይ ይቆፍራል፣ ቆርቆሮ ያወጣል፣ ሩዝ ይፈጫል፣ ይነግዳል። ክሩ ነፃነትም ውርደትም ነበር። የተሻለ ገንዘብ ያለው ጨምሮ ከፍሎ በክሩ ፋንታ ወረቀት ይወስድ እንደነበር ሳነብ ውርደቱ ምን ያህል እንደሚሰማቸው ገባኝ። በ1910 ይህ ግብር ቀርቶ ቻይናውያኑ እንደ ሌላው ሰው በየዓመቱ ይክፈሉ ሲባል በሰኔ መጀመሪያ ለሦስት ቀን ሱቆቻቸውን ዘጉ፤ የባንኮክ ገበያ ቀጥ አለ። ከተማዋ ያኔ በማን እጅ እንደምትበላ አየች። ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሥ ቫጂራቩድ "የምሥራቅ አይሁዶች" በሚል ርዕስ ቻይናውያኑን የሚወቅስ ጽሑፍ አሳተሙ።

እነዚህ ሰዎች ያገኙትን አይበሉም ነበር። ወደ መንደራቸው የሚላክ ደብዳቤ ነበራቸው፤ በታይኛ ፖይ ክዋን ይባላል፤ ገንዘቡና ቃሉ በአንድ ፖስታ። መጻፍ የማይችለው ለጸሐፊ ይነግራል፤ ደላላው ሰብስቦ በመርከብ ይልካል፤ ተቀባይዋ እናት ወይም ሚስት "ደርሶኛል" የምትልበት ትንሽ ወረቀት ይመለስለታል። ዩኔስኮ በ2013 እነዚህን ደብዳቤዎች በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሯቸዋል። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ለእናቷ የደመወዟን እኩሌታ የላከች፣ "ደረሰሽ ወይ?" ብላ ስልክ ላይ የጠበቀች አንባቢ ስለ ፖይ ክዋን ማብራሪያ አያሻትም። ለእሷ የሚገርማት፣ የዚያ ዓይነት ወረቀት ተጠብቆ፣ ተቆጥሮ፣ የሰው ልጅ ቅርስ መባሉ ይመስለኛል። የእኛስ የሐዋላ ደረሰኞች የት ናቸው?

የሞተም የታመመም ነበር። በያዎዋራት ጎዳና ላይ ቲያን ፋ የሚባለውን ሆስፒታል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያቋቋሙት በአምስት የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ የቻይናውያን ማኅበራት መሪዎች አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ድሃው በነፃ እንዲታከም። ፖ ቴክ ቱንግ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ወገን የሌለውን ሬሳ ለመቅበር የተነሳ ነው፤ ዛሬም የባንኮክን የአደጋ ተጎጂ ከመንገድ ከሚያነሱት አንዱ ነው። ሰው በባዕድ አገር መጀመሪያ የሚያቋቁመው እድር መሆኑን ዋሽንግተን ያለው የእኛ ሰው ያውቀዋል።

ጎዳናው ራሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ያዎዋራት የተጀመረው በ1892 በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዘመን ሲሆን 1.5 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። የሰው ይዞታ እንዳይነካ እየተባለ ስለተጠማዘዘ ቀጥ ያለ አልሆነም፤ ነዋሪዎቹ የዘንዶ ወገብ ይሉታል፤ ለንግድም ገዱ እሱ ነው ይላሉ። በሙዚየሙ ውስጥ የሰፈሩ የድሮ ገጽታ በትንንሽ ቅርጽ ተሠርቶ ቀርቧል፤ ሲኒማ ቤቶቹ፣ ምግብ ቤቶቹ፣ የወርቅ ቤቶቹ። ከዚያ ወዲያ የታወቁ ሰዎች ግድግዳ ይመጣል። ከዚህ ሰፈር የወጣው ሀብት ለማመን ያስቸግራል፤ ዛሬ ሲፒ የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ በ1921 ሶንግዋት መንገድ ላይ ቺያ ታይ በሚባል የአትክልት ዘር ሱቅ ነው የተጀመረው።

ቅሬታዬንም ልናገር። ሙዚየሙ ታሪኩን በስኬት ጎዳና መምራት ይወዳል፤ ሰሌን ይዞ መጥቶ ባንክ ከፍቶ ሞተ። ሰሌኑን ይዞ የመጣውና እዚያው ሰሌኑ ላይ የሞተው ግን ይበዛል፤ ለእሱ የሚበቃ ግድግዳ ብመለከት ደስ ባለኝ ነበር። ሴቶቹም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከቻይና የሚመጣው አብዛኛው ወንድ ስለነበር ሚስቱ የአገሬው ሴት ነበረች፤ ልጆቻቸው "ሉክ ቺን"፣ የቻይና ልጅ፣ ይባላሉ። ያን ባዕድ ያላመደችው፣ ለልጁ ሁለት ቋንቋ የሰጠችው እሷ ናት።

በደንብ የተነገረ አንድ ቀን ግን አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ፣ በመስከረም 1945፣ ያዎዋራት ላይ በታዮችና በቻይናውያን መካከል ግጭት ተነስቶ ጥይት ተተኩሶ ነበር። በሰኔ 3 ቀን 1946 የ20 ዓመቱ ንጉሥ አናንዳ ማሂዶል ከ18 ዓመቱ ወንድማቸው ቡሚቦል ጋር ሆነው ሳምፔንግን በእግር ተጓዙ። ነጋዴው ሱቁን አስጊጦ በየደጃፉ ቆሞ ተቀበላቸው። ከስድስት ቀን በኋላ ንጉሡ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያን የእግር ጉዞ ከዚያ ሞት ነጥለው አያስታውሱትም።

ከዚህ በኋላ ወደ ወርቁ መውጣት ይቻላል። ሦስተኛው ፎቅ የሐውልቱን ታሪክ ይናገራል። የጥንቱ የሱኮታይ መንግሥት ዘመን ሥራ እንደሆነ ይታመናል፤ ከበርማ ጦር ለመሸሸግ ኖራ ተለስኖ፣ ባለቀለም መስታወት ተለጥፎበት፣ ወርቅ መሆኑ ተረስቶ ቀረ። በ1935 ያረፈበት ቤተ መቅደስ ሲፈርስ ወደ ዋት ሳም ቺን አመጡት፤ የሚበቃው አዳራሽ ስላልነበረ 20 ዓመት ያህል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ። በግንቦት 1955 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲያነሱት ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ፤ ኖራው ተሰነጠቀ፤ ከውስጥ ወርቅ ታየ። ጠጉሩና የራሱ ጉጥ ብቻ 45 ኪሎ ግራም ናቸው፤ ጥራታቸውም 99 በመቶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሰው፣ የወርቅ ቤት ባለቤቱ ሳይቀር፣ ዕጣኑን ለኮሶ የሰገደው ለኖራ ምስል መስሎት ነበር።

ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ወርዳችሁ ባንኮክ የምታልፉ ካላችሁ ልብ በሉ፤ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የለመደ ሰው አይቸገርም። ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ። ወደ ማምሻው ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ስትወጡ ያዎዋራት መብራቱን ያበራል፤ ቀዩና ቢጫው ማስታወቂያ በቻይንኛና በታይኛ ጎን ለጎን ይነበባል፤ የመንገድ ላይ ማብሰያዎቹ ይንተከተካሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ የሚያዝዙት ኩዋይ ቲያው ነው፤ የሩዝ ኑድል። ቃሉ ከደቡብ ቻይና በመርከብ የመጣ ነው። የምታቀርበው ሴት የታይ ቃል ነው ብላ ታስተምራችኋለች።