ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እምቢ ሲል ምን እናድርግ?

በዛሬው ጽሑፌ ስለ ኮምፒውተር ላወራችሁ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ያቋረጥኩ መምህር ነኝ፤ የኮምፒውተር ትምህርትም አልተማርኩም። ያለችኝን እውቀት ያገኘሁት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ስፈታና ስገጥም ነው።

ባለፈው የሙቀት ወቅት ከዓሊ አዴ ካምፕ አንዲት ተማሪ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ልትሞላ ወደ ከተማ መጣች። የቀራት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረሩን ብትከፍተው ገጹ አይታይም አላት። ደጋግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ «ስሜን ሰርዘውኛል ማለት ነው» አለች። እኛ ስደተኞች በር ሲዘጋብን መጀመሪያ የምናስበው ይህንኑ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት ሳየው ግን ዓመቱ 2009 ይላል!

ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ቀኑንና ዓመቱን እዩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምትጠብቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ነች፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው። እሷ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብሮውዘሩ ደግሞ የድረ ገጹን የደህንነት ምስክር ወረቀት ከቀኑ ጋር ስለሚያመሳክር «ገና ያልጸና ወረቀት ነው» ብሎ ይከለክላል። ቀኑን በእጅ አስተካክሉ፣ ባትሪዋንም ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ሌላ ጥገና አያስፈልግም።

ካልሆነ ወደ ማስተካከያው እንግባ። እዚህ ያሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ ስለሆኑ ስሞቹን እንደሚነበቡ እጽፋለሁ። ኤክስፕሎረሩ ጭራሽ ባይከፈትም «ፓኖ ደ ኮንፊጉራሲዮን» ውስጥ ገብታችሁ «ኦፕሲዮን ኢንተርኔት»ን ክፈቱ። «አቫንሴ» ከሚለው ክፍል ስር «ሬኢኒሲያሊዜ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ከ7ኛው ቨርዥን ጀምሮ ይገኛል። እሱን ስትጫኑ ብሮውዘሩ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ከላይ የተደረደሩት የማይታወቁ ቱልባሮችም ሥራ ያቆማሉ። እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ የመጡት ከእነዚሁ ቱልባሮች ነው።

ይሄም ካልሠራ እንደገና መጫን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ፦ ኤክስፕሎረር እንደ ሌላ ፕሮግራም ተነቅሎ የሚወጣ አይደለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ ስለሠራው እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ሳይቀር ከሶት ነበር። እኛም አሁን ዕዳውን እየከፈልን ነን።

ዊንዶውስ 7 ላይ ቀላል ነው። «ፕሮግራም» ውስጥ «አክቲቬ ኡ ዴዛክቲቬ» ብሎ የሚጀምረውን ክፈቱ፣ ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ፊት ያለውን ምልክት አንሱ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ተመልሳችሁ ምልክቱን አድርጉና አሁንም ሪስታርት። አለቀ።

ኤክስፒ ግን ያደክማል። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ አብሮት የመጣው 6ኛው ቨርዥን ነው። በኋላ 8ኛው ተጭኖበት ከሆነ ከፕሮግራም ማጥፊያው አጥፉት፤ የቀድሞው ይመለሳል። ከዚያ 8ኛውን ከፍላሽ ላይ እንደገና ጫኑ። የተበላሸው የዊንዶውሱ የራሱ ፋይል ከሆነ ደግሞ «ኤክዜኩቴ» ውስጥ የላቲኖቹን ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ፤ ስላሽ፤ ከስላሹ ጋር አያይዛችሁ ስካንናው፣ በሁለት ኤን። በፈረንሳይኛ ኪቦርድ ስላሽ የሚመጣው ሺፍትን ይዛችሁ የሁለት ነጥቡን ቁልፍ ስትጫኑ ነው፤ እኔ ይህችን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት አጥፍቻለሁ። የኤክስፒውን ሲዲ ሊጠይቃችሁ ስለሚችል አዘጋጁ። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ጉድ ነው፤ ስለዚህ በቀኑ ሙቀት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩት።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። የልጅቷን ኮምፒውተር ቀኑን ካስተካከልኩ በኋላም ማመልከቻው አልተከፈተም። ማሽኑ ኤክስፒ ነበር። የዛሬ ድረ ገጾች የሚነጋገሩበትን የምስጢር ቋንቋ በኤክስፒ ላይ ያለው 8ኛው ኤክስፕሎረር አይችለውም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020 ነው፤ ኤክስፕሎረርንም ራሱን በ2022 አሰናብቶታል። በኤክስፒ ላይ ፋየርፎክስ 52 ከኤክስፕሎረሩ የተሻለ ይከፍታል፤ በዊንዶውስ 7 ደግሞ እስከ ፋየርፎክስ 115 ይሠራል። ሁለቱንም ከሌላ ኮምፒውተር፣ ከራሱ ከሞዚላ ድረ ገጽ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡ። «ብሮውዘር እናድሳለን» የሚሉ በነጻ የሚታደሉ ፕሮግራሞችን ግን አትንኩ፤ ቫይረስ ነው የሚያመጡባችሁ። ፋየርፎክስም ቢሆን በእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ላይ ለንባብና ለትምህርት እንጂ የኬዝ ፋይላችሁን ለሚመለከት ጉዳይ አላምነውም።

አማርኛው በአራት ማዕዘን ሳጥን ከታያችሁ ብሮውዘሩ አልተበላሸም። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት ብትጭኑ ይነበባል።

አንድ አደራ፦ «ሬኢኒሲያሊዜ» ከማለታችሁ በፊት ክፍሉን የሚጠቀሙትን ሁሉ ጠይቁ። የይለፍ ቃሉን በብሮውዘሩ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም፤ ሲጠፋበት ኢሜይሉም አብሮ ሊጠፋበት ይችላል። እንዲያውም የጋራ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል ባታስቀምጡ ይሻላል።

ልጅቷን ወደ ዊንዶውስ 7ቱ ማሽን አዛወርናት፤ ፋየርፎክስ ጫንንበት። ማመልከቻውን ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ላከች። መልሱን እስካሁን እየጠበቀች ነው።