ስለ መንገድ በጀት አከፋፈል

በአዲስ አበባ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን የመንገድ ገንዘብ በሚደለደልበት ጊዜ በአብዛኛው የሚቈጠረው ተሽከርካሪ ነው። በዚህ አቈጣጠር መኪና የሚበዛበት ሰፈር ሰፊ ጐዳና ያገኛል፤ ብዙ ሕዝብ በእግሩ የሚመላለስበት ዳርቻ ግን ባዶ መስሎ ይታያል።

የቀለበት መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። መኪና ሳይገታ እንዲያልፍ ተብሎ በመካከሉ የግንብ አጥር ቆመ፤ የእግረኛ ድልድዮቹም ተራራቁ። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ጉዳይ ያለው ሰው ወይ ብዙ ይዞራል፤ ወይ አጥሩን ይዘላል። የዘለለውን «ሥነ ሥርዓት የለውም» ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ድልድዩን ያራቀው ግን እርሱ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም ሁለት መስመር ብቻ ስለ ሆነ፥ ከጀሞና ከቱሉ ዲምቱ አይደርስም።

እንግዲህ የበጀት ረቂቅ በቀረበልዎ ጊዜ፥ በዚህ ሰፈር በእግሩ የሚሄደው ስንት ነው? ባለፈው ዓመትስ ስንት ሰው ሞተበት? ብለው ይጠይቁ። የሟቾቹ ቍጥር ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ይገኛል። መድኃኒቱም ሁልጊዜ ውድ አይደለም፤ የመኪናን ፍጥነት በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚያወርድ ጕብታ፥ የእግረኛ መንገድና የመንገድ መብራት አንድ ላይ ተደምረው የአንድ ማሳለጫ ድልድይ ዋጋ አያህሉም።